የእናቴ የሜዲኬር ፕላን ዲሴምበር 31 ይዘጋል፤ ቀጥሎ ምን እንምረጥ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2025

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 74 ዓመቷ ሲሆን ከእኔ ጋር ቨርጂንያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። እዚህ አገር ከመጣች በኋላ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከ10 ዓመት በላይ ስለ ሠራች ሜዲኬር (ለአረጋውያን የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያገኘችው በራሷ ሥራ ነው፤ ላለፉት ስድስት ዓመታትም ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ በሌለው የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላን (ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል በሚሰጥ ፕላን) ስትታከም ቆይታለች። ባለፈው ሳምንት መሳቢያዋን ስናስተካክል በኦክቶበር መጀመሪያ የመጣ፣ ያልተከፈተ ደብዳቤ አገኘሁ። በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን ከሚሞላው ማስታወቂያ አንዱ መስሏት ነበር ያስቀመጠችው። ደብዳቤው ኩባንያው ይህንን ፕላን በምንኖርበት አካባቢ ከ2026 ጀምሮ እንደማያቀርብና ሽፋኗ ዲሴምበር 31 እንደሚያበቃ ይገልጻል።

እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ስላለባት ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ ኩላሊቷንም አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሐኪም ሲከታተሏት ቆይተዋል፣ እርሳቸውንም በጣም ታምናቸዋለች። ሶሻል ሴኩሪቲዋ (የመንግሥት የጡረታ ክፍያዋ) ከተቀናሽ በፊት በወር 1,400 ዶላር ገደማ ነው፤ በባንክ 12,000 ዶላር የሚጠጋ ቁጠባ አላት። ስልካችን ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። አንድ አማርኛ የሚናገሩ ኤጀንት እስከ ዲሴምበር 7 ካልተመዘገበች ያለ ኢንሹራንስ እንደምትቀር ነግረውኝ፣ ጥርስ የሚያሠራና የአስቤዛ ካርድ የሚሰጥ ሌላ የአድቫንቴጅ ፕላን እንድንፈርም እየወተወቱን ነው። እውነት ያለ ኢንሹራንስ ትቀራለች? በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ምርጫውን ከየት ጀመራችሁት?

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2025

እኅቴ፣ ከጡረታ ወዲህ አረጋውያንን ስለ ሜዲኬር በነጻ በሚያማክር አገልግሎት በበጎ ፈቃድ ስለምሠራ፣ በየዓመቱ በዚህ ወቅት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አያለሁ። ብዙዎቹ ደብዳቤውን ያገኙት እንደ እርስዎ ከመሳቢያ ነው።

በመጀመሪያ ኤጀንቱ ያሉትን እናስተካክል። እናትዎ ያለ ኢንሹራንስ አይቀሩም። ምንም ባያደርጉ እንኳ ጃንዋሪ 1 ቀን ወደ መሠረታዊው ሜዲኬር፣ ማለትም ሆስፒታልን ወደሚሸፍነው ፓርት ኤ እና ሐኪምንና ምርመራን ወደሚሸፍነው ፓርት ቢ ይመለሳሉ። ዲሴምበር 7 ለሁሉም ሰው የተመደበው ዓመታዊ ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ፕላናቸው ለተዘጋባቸው ሰዎች ግን ከዲሴምበር 8 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የሚቆይ ልዩ የምዝገባ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ይህን ስል ነገሩን አቆዩት ማለቴ አይደለም። ወደ መሠረታዊው ሜዲኬር ሲመለሱ የመድኃኒት ሽፋን አብሯቸው ስለማይመለስ፣ ኢንሱሊኑ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ያለ ክፍተት እንዲቀጥል የመድኃኒቱ ምዝገባ እስከ ዲሴምበር 31 ማለቅ አለበት።

እርስዎ የጠየቁት ከፕላኖቹ የቱን እንምረጥ የሚል ይመስለኛል፤ ከዚያ በፊት ግን መንገዱ ራሱ ይመረጣል። አንደኛው መንገድ ሌላ የአድቫንቴጅ ፕላን መግባት ነው። ሁለተኛው በመሠረታዊው ሜዲኬር ቆይቶ ለመድኃኒት ፓርት ዲ፣ ለቀሪው ወጪ ደግሞ ሜዲጋፕ የሚባለውን ማሟያ ኢንሹራንስ መግዛት ነው። መሠረታዊው ሜዲኬር ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ዓርብ ይፋ በሆነው የ2026 ዋጋ መሠረት፣ የፓርት ቢ ወርሃዊ ክፍያ 202.90 ዶላር ሲሆን ከ283 ዶላር ዓመታዊ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው) በኋላ ሜዲኬር ከሂሳቡ 80 በመቶውን ይከፍላል፤ ቀሪው 20 በመቶ የታካሚው ነው፣ ለዚያ 20 በመቶ ደግሞ ጣሪያ አልተበጀለትም። ሆስፒታል መተኛት ቢመጣ የፓርት ኤ ዲዳክቲብል 1,736 ዶላር ነው። ሜዲጋፕ የተፈጠረው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርዎት። ሜዲጋፕ የሚሸጡ ኩባንያዎች፣ አንድ ሰው 65 ዓመት ሞልቶት ፓርት ቢ በጀመረ በስድስት ወር ውስጥ ካላመለከተ፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች የጤና ታሪኩን ጠይቀው ሊከለክሉት ወይም ዋጋ ሊጨምሩበት ይችላሉ። (ኒው ዮርክ፣ ኮኔቲከት፣ ማሳቹሴትስና ሜይን ለነዋሪዎቻቸው ከዚህ የተሻለ ሕግ አላቸው።) ስኳርና የኩላሊት ክትትል ያለባቸው የ74 ዓመት እናት በማንኛውም ተራ ዓመት ቢያመለክቱ ምን እንደሚባሉ መገመት አያስቸግርም። ፕላኑ በኩባንያው ውሳኔ ሲዘጋ ግን የፌዴራል ሕጉ ኩባንያዎቹ ሕመም ጠቅሰው እንዳይከለክሉና ዋጋ እንዳይጨምሩ የሚያስገድድ መብት ይሰጣል። ሽፋኑ ከሚያበቃበት ቀን 60 ቀን አስቀድሞ ማመልከት ስለሚቻል ጊዜው ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ተከፍቷል፤ ሽፋኑ ካበቃ በኋላ ደግሞ 63 ቀን፣ ማለትም እስከ ማርች 4 ቀን 2026 ይቆያል። ኩባንያው ማስረጃ ስለሚጠይቅ ያቺን ከመሳቢያ ያወጡአትን ደብዳቤ እንደ ፓስፖርት ይያዟት። መብቱ የሚሠራው ግን ወደ መሠረታዊው ሜዲኬር ለሚመለስ ሰው ብቻ ነው። ሌላ የአድቫንቴጅ ፕላን ከፈረሙ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ኤጀንቱ ይህን ነግረውዎት ከሆነ አመሰግናቸዋለሁ፤ ካልነገሩዎት ግን አይፈርሙ።

እናትዎ 65 ዓመት የሞላቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 በፊት ስለሆነ በዚህ መብት ሜዲጋፕ ፕላን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኬ ወይም ኤል መግዛት ይችላሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ 65 የሞላቸው ሰዎች በሲ እና በኤፍ ፋንታ ዲ እና ጂ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ጎረቤት ስለ ጂ ቢያወራ ግራ አይጋቡ። (የፓርትና የፕላን ፊደላት እንዲህ እንዲመሳሰሉ የፈቀደው ማን እንደሆነ ባውቅ ደብዳቤ እጽፍለት ነበር፤ ፓርት ኤ እና ሜዲጋፕ ፕላን ኤ ምንም ዝምድና የላቸውም።) በቨርጂንያ አንድ ፊደል ያለው ሜዲጋፕ ከየትኛውም ኩባንያ ቢገዛ የሚሸፍነው አንድ ዓይነት ነው። የሚለያየው ዋጋው ስለሆነ ቢያንስ ከሦስት ኩባንያ ይጠይቁ።

በቨርጂንያ ቪካፕ የሚባለው የስቴቱ የምክር አገልግሎት በየአካባቢው የአረጋውያን ጽሕፈት ቤት በኩል ያለ ክፍያ ያማክራል፤ ምንም ስለማይሸጡ ኮሚሽን የላቸውም። በ1-800-633-4227 ሜዲኬር ጋ ደውለው የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም ይችላሉ። እናትዎ ከስልኩ አጠገብ ይሁኑ፤ ፈቃዳቸውን ራሳቸው መስጠት አለባቸውና።

ዓመቱን የማልረሳው፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2025

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአባቴ ፕላን በተዘጋበት ዓመት «ሜዲኬር አላቸው እኮ፣ ምን ይጎድላል» ብለን ተቀመጥን። በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት የልብ መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ፋርማሲ ስንቆም ካርዱ አልሠራም። ሙሉውን ዋጋ ከኪሳችን ከፍለን ወጣን፤ በዚያኑ ቀን ፓርት ዲ ብናስመዘግባቸውም ሽፋኑ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ስለሆነ ቀሪውን ሳምንታትም እንዲሁ አለፍን። 63 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያለ መድኃኒት ሽፋን ቢቆዩ ኖሮ፣ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ወር 1 በመቶ እየተሰላ ከወርሃዊ ክፍያቸው ጋር የሚኖር ቅጣት ይጨመርባቸው እንደ ነበር የተረዳነው በኋላ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2025

የነርሷን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ሆኖም አንባቢ የአድቫንቴጅ ፕላን ሁሉ ወጥመድ ነው ብሎ እንዳይወጣ ሌላውን ወገን ልናገር። አባቴ 79 ዓመታቸው ነው፤ ለሰባት ዓመታት በአድቫንቴጅ ታክመዋል። ሐኪሞቻቸው በሙሉ በአንድ የሕክምና ድርጅት ውስጥ ስለሚሠሩ የኔትወርክ (ከፕላኑ ጋር ውል ያላቸው ሐኪሞች ዝርዝር) ችግር አልገጠማቸውም፤ መነጽርና ጥርስም አግኝተውበታል። ሜዲጋፕ በየወሩ የሚከፈል፣ ከዕድሜ ጋርም ሊያድግ የሚችል ዋጋ ስላለው በ1,400 ዶላር ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በአድቫንቴጅ ፕላን ደግሞ ዓመታዊ የወጪ ጣሪያ በሕግ ተቀምጧል፤ በ2026 በኔትወርክ ውስጥ ለሚሰጥ ሕክምና ከ9,250 ዶላር መብለጥ አይችልም፣ ብዙ ፕላኖችም ከዚያ በታች ያደርጉታል። ፕላኑ ካልተስማማም ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ መለወጥ ይቻላል።

በዚህ መንገድ ለመሄድ ከወሰናችሁ ሐኪሙን የምትጠይቁበትን መንገድ እንዳትሳሳቱ። ሐኪም ቤት ደውሎ «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ነው። የፕላኑን ሙሉ ስም ከነዓይነቱ፣ ኤችኤምኦ (በአብዛኛው በኔትወርኩ ሐኪሞች ብቻ የሚያሳክም) ወይም ፒፒኦ (በበለጠ ክፍያ ከኔትወርክ ውጪም የሚፈቅድ) መሆኑን ጭምር አንብባችሁ፣ «ዶክተሩ በዚህ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ በ2026 ይኖራሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ ኩባንያ አንዱ ፕላን ሐኪሙን ይዞ ሌላው ላይይዝ ይችላል። እኛ ይህን ያወቅነው አባቴ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከያዙ በኋላ ነበር። ለኩላሊት ሐኪም ሪፈራል (የዋናው ሐኪም መላኪያ ወረቀት)፣ ለምርመራውም የፕላኑ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ፤ ፈቃድ መጠበቁ ለአባቴ ብዙ ጊዜ ያስቸገራቸው ነገር መሆኑን ሳልደብቅ እናገራለሁ። የአስቤዛ ካርዱን በተመለከተ፣ በብዙ ፕላኖች የሚሰጠው የተወሰነ ሕመም ወይም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ስለሆነ፣ ፕላኑ የሚያወጣውን የሽፋን መግለጫ መጽሐፍ ሳታዩ አትመኑት።

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2025

ወንድሜ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ሐኪሞቹ በአንድ ቤት ለሆኑለት ሰው አድቫንቴጅ መልካም ምርጫ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል። እስከ ማርች 31 መለወጥ የሚቻለው ወደ ሌላ አድቫንቴጅ ወይም ወደ መሠረታዊው ሜዲኬር ነው፤ ሜዲጋፑን ያለ ጤና ጥያቄ የመግዛት መብት ግን አብሮ አይመጣም። ስለዚህ «አድቫንቴጁን ሞክረን ካልሆነ ወደ ሜዲጋፕ እንሄዳለን» የሚለው ሐሳብ ለእናትዎ አይሠራም፤ የተገላቢጦሹ ይሠራል። ዘንድሮ ሜዲጋፕ ገዝተው ዋጋው ከከበዳቸው በሚቀጥለው ኦክቶበር ወደ አድቫንቴጅ ለመመለስ የሚጠይቃቸው የለም።

በማኅበራዊ አገልግሎት የምሠራ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2025

ስለ ሁለቱ መንገዶች በቂ ተብሏል፤ እኔ የምናገረው ስለ ገቢ ነው፤ ምክንያቱም ለዝቅተኛ ገቢ የተዘጋጀው እርዳታ ምርጫውን ሊለውጠው ይችላል።

የሜዲኬር ቁጠባ ፕሮግራሞች የሚባሉት በሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን) ቢሮ በኩል የሚሰጡ ሲሆን የፓርት ቢን ወርሃዊ ክፍያ፣ በዝቅተኛው የገቢ ደረጃ ደግሞ ዲዳክቲብሉንና 20 በመቶውን ጭምር ይከፍላሉ። በ2025 ለአንድ ሰው የተቀመጠው የወር ገቢ ወሰን እንደ ደረጃው 1,325፣ 1,585 እና 1,781 ዶላር ነው። እናትዎ በገቢ ሁለተኛው ደረጃ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ነገር ግን የሀብት ወሰኑ 9,660 ዶላር በመሆኑ የባንክ ቁጠባቸው ያስቀራቸዋል። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ አገር ቤት ያለ ሌላ ቤት ግን ሊቆጠር ስለሚችል በማመልከቻው መደበቅ የለበትም። በየቡና ዝግጅቱ «ገንዘቡን በልጆቿ ስም አዛውሩት» የሚል ምክር እሰማለሁ፤ ኋላ ላይ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት እንክብካቤ በሜዲኬይድ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ያለፉት አምስት ዓመታት ዝውውሩ እንደሚመረመር ግን አብሮ የሚነግራቸው አላየሁም።

እናትዎ በደንብ የሚያሟሉት ሌላ እርዳታ አለ። ለመድኃኒት ወጪ የሚሰጠው ኤክስትራ ሄልፕ በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 23,475 ዶላር የዓመት ገቢና እስከ 17,600 ዶላር ሀብት ይፈቅዳል። የሚያመለክቱት በሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው። ከተፈቀደላቸው የፓርት ዲ ዲዳክቲብል ይነሣላቸዋል፤ በ2026 ከፋርማሲ ለጄነሪክ (የንግድ ስም ለሌለው) መድኃኒት ከ5.10፣ ለሌላው ከ12.65 ዶላር በላይ አይከፍሉም። ያለ እርዳታው እንኳ በፕላኑ የሚሸፈን እያንዳንዱ የኢንሱሊን ዓይነት በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም፤ በፓርት ዲ የሚሸፈኑ መድኃኒቶች ጠቅላላ የኪስ ወጪም በ2026 በ2,100 ዶላር ይቆማል። በመድኃኒት በኩል የሚተርፈው ገንዘብ ለሜዲጋፕ ክፍያ ሊውል ይችላልና ሁለቱን አብራችሁ አስሉት።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2025

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን እናቴንም አማከርናት። ወንድሜ የሜዲጋፑን ክፍያ ከእኔ ጋር ሊካፈል ተስማምቷል፤ ቪካፕም ለኖቬምበር 25 ቀጠሮ ሰጥቶናል። አንድ ያልጠየቅሁት ነገር አለ። እናቴ በየዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ሦስት ወር ያህል ትቆያለች። ዘንድሮም ለጥምቀት ለመድረስ ቲኬት ቆርጣለች። እዚያ ብትታመም ከእነዚህ ሽፋኖች የሚደርስላት አለ?

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2025

ይህን ማንሣትዎ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ሰው ከጥርስና ከመነጽር ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ ሆኖ ሳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መሠረታዊው ሜዲኬር ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ፓርት ዲም እዚያ የተገዛ መድኃኒት አይሸፍንም። ሜዲጋፕ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤም እና ኤን ግን ከአሜሪካ ውጪ ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም፣ ከ250 ዶላር ዲዳክቲብል በኋላ 80 በመቶውን ይከፍላሉ፤ በሕይወት ዘመን እስከ 50,000 ዶላር። ሕመሙ መጀመር ያለበት ጉዞው በተጀመረ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሦስት ወር ከቆዩ ሦስተኛው ወር ያለ ሽፋን ነው ማለት ነው፤ ወይ ጉዞውን ማሳጠር ወይ ለዚያ ወር የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ይኖርባችኋል። አንዳንድ የአድቫንቴጅ ፕላኖችም በውጭ አገር ለድንገተኛ ሕክምና ይከፍላሉ፤ ነገር ግን ከፕላኑ አካባቢ ከስድስት ወር በላይ የራቀን ሰው በአብዛኛው ከአባልነት ያሰናብታሉ። ክረምቱን አገር ቤት ውለው በጋውንም የሚደግሙ አባቶች ይህን አያውቁትም።

ከመሄዳቸው በፊት መድኃኒቱን ለ90 ቀን እንዲሰጣቸው ሐኪሙን ቀድመው ይጠይቁ፤ ለኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣ ቦርሳም ያስቡበት።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2025

የደረስንበትን ለመናገር ተመልሻለሁ። በቪካፕ ቢሮ የእናቴን ሰባት መድኃኒቶች ከነመጠናቸው አስገብተን የአካባቢያችንን ፕላኖች አነጻጸርን። ከተመለከትናቸው ሦስት የአድቫንቴጅ ፕላኖች በሁለቱ የኩላሊት ሐኪሟ የሉም፤ በሦስተኛው ቢኖሩም በየጊዜው ሪፈራል ያስፈልጋል። ለሜዲጋፕ ፕላን ኤፍ ከሦስት ኩባንያ ዋጋ ስንጠይቅ በትልቁና በትንሹ መካከል በወር 61 ዶላር ልዩነት ስላገኘን፣ አንድ ዓይነት ሽፋን ነው የሚለውን ምክር በማስታወስ ትንሹን መረጥን። ማመልከቻው ከደብዳቤው ቅጂ ጋር ገብቶ ከጃንዋሪ 1 እንደሚጀምር በጽሑፍ አረጋግጠውልናል። ፓርት ዲም ተመዝግባለች፤ የኤክስትራ ሄልፕ ማመልከቻዋ መልስ እየጠበቀ ነው። ጉዞዋን ወደ ስምንት ሳምንት አሳጥረነዋል፣ በዚህ ብቻ ትንሽ ተቀይማናለች።

ለኤጀንቱ ደውዬ እንደማንፈርም ስነግራቸው የጥርሱን ነገር ደግመው አነሡ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ «ልጄ፣ ዶክተሬን አትውሰዱብኝ እንጂ ጥርሴንስ እኔው እችለዋለሁ» አለቻቸው።

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2025

እንኳን ደስ ያላችሁ። አንድ ትንሽ ነገር ቀርታለች። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሐኪም ቤት የሚያሳዩት የድሮውን የፕላን ካርድ ሳይሆን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለውን የሜዲኬር ካርድ ከአዲሱ የሜዲጋፕ ካርድ ጋር ነው። ስድስት ዓመት ሳይጠቀሙበት ስለቆዩ ካሁኑ ይፈልጉት፤ ከጠፋም ሜዲኬር ጋ ደውለው ሌላ ማስላክ ይቻላል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2025

ካርዱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመጣበት ፖስታ ሳይወጣ ተገኝቷል።